ሬዲዮ አለኝ በሰማይ

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሜክሲኮ አደባባይ ዙሪያ የተሰለፈ ሰው ምንም ነገር የመምረጥ መብት የለውም። የሳር ቤት፣ የጀሞና የዓለም ገና ሰልፎች እየተጠማዘዙ ይገናኛሉ፤ መሀል ላይ የቆመው ሰውዬ የየትኛው ሰልፍ አባል እንደሆነ የሚያውቀው ከፊቱ ያለውን ጠይቆ ነው። ታክሲ ሲመጣ ታክሲውን አይመርጥም፣ ወንበሩን አይመርጥም፣ ጭኑ ላይ የሚያርፈውን የሌላ ሰው ቦርሳም አይመርጥም። ተራ አስከባሪው "ግባ" ሲለው ይገባል፤ ረዳቱ "ጠጋ በል" ሲለው ይጠጋል፤ ለሦስት ሰው በሚበቃው ወንበር ላይ "ለአራት ነው" ሲባል አራተኛ ይሆናል። ይህን ሁሉ ትእዛዝ ያለ አንዳች ማንገራገር የፈጸመው ሰው ታዲያ መኪናው ገና ሳይንቀሳቀስ አንገቱን አስግጎ፣ "ሹፌር፣ ጣቢያውን ቀይረው እስቲ!" ይላል።

ይህን ነገር ከኋላ ወንበር ሆኜ ስታዘበው ቆይቻለሁ። አዲስ አበቤ መኪና ውስጥ ከገባ በኋላ ሁሉንም ነገር ለፈጣሪና ለትራፊክ ፖሊስ ይተዋል፤ የማይተወው ሬዲዮን ብቻ ነው። መንገድ ሲዘጋ ይችላል፤ ታሪፍ ሲጨመር አጉረምርሞ ይከፍላል፤ ጣቢያ ያለ ፈቃዱ ሲቀየር ግን ክብሩ የተነካ ይመስለዋል። ታዲያ ይህን ያህል የሚቆረቆርለትን ጣቢያ ያዳምጠዋል ወይ ብላችሁ የጠየቃችሁኝ እንደሆነ፣ የነገሩ ሳቅ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ የሚተዳደርበት ያልተጻፈ ደንብ አለ። ሬዲዮው የሾፌሩ ነው። ረዳቱ ሾፌሩ ስልክ ሲያነሳ ድምጹን የመቀነስ፣ ስልኩ ሲዘጋ ደግሞ መልሶ መጨመሩን የመርሳት ሥልጣን አለው። ጋቢና የተቀመጠ ተሳፋሪ እጁ ቴፑ ድረስ ስለሚደርስ ራሱን እንደ ባለድርሻ ይቆጥራል፤ "ትንሽ ልንካው?" የሚለው ከነካው በኋላ ነው። ከጋቢናው ጀርባ ያለው ወንበር የተቃዋሚዎች ነው፤ ሐሳብ ያቀርባል፣ አይጸድቅለትም። የመጨረሻው ወንበር ደግሞ ስለ ሬዲዮው ትዝ የሚለው "ወራጅ አለ!" ብሎ ሦስት ጊዜ ጮሆ ያልተሰማ ቀን ብቻ ነው።

እናቶች ከዚህ ደንብ ውጪ ናቸው። "ልጄ፣ ይሄን ጩኸት ቀንሰው እስቲ፤ ራሴን ይዞኛል" ሲሉ ሾፌሩ "እሺ እማዬ" ብሎ አንድ ነጥብ ይቀንሳል። ተግባረ ዕድን ሲያልፍ ሁለት ነጥብ ይጨምራል። እናትም ተከብረው፣ ሬዲዮውም ሳይበደል፣ ሁሉም በየፊናው ረክቶ ልደታ ይደርሳል።

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ሁለቱም ጆሮው ላይ ኢርፎን የሰካው ወጣት ነው። አንዱን ይነቅልና "ብራዘር፣ ሙዚቃ አድርገው፤ ወሬ ሰለቸን" ብሎ መልሶ ይሰካዋል። ሙዚቃ ሲደረግለትም አይነቅለውም። ለራሱ አይደለም የጠየቀው፤ በመርህ ደረጃ ነው።

የጣቢያ እጥረት ያለብን እንዳይመስላችሁ። ከ90.7 አዋሽ ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣ ጣት በ94.3 አሐዱን፣ በ96.3 የአዲስ ሚዲያ ኔትወርክን፣ በ97.1 ኤፍ ኤም አዲስን፣ በ97.6 ትርታን፣ በ98.1 ፋናን፣ በ101.1 ብስራትን፣ በ102.1 ሸገርን፣ በ102.9 አባይን፣ በ104.7 ኢቢሲን፣ በ105.3 አፍሮን እየነካካ 107.8 ኢትዮ ኤፍ ኤም ላይ ይደርሳል። ያልጠራኋቸው ይቅር ይበሉኝ። ኤፍ ኤም አዲስ በ1992 ዓ.ም. ሲከፈት በከተማው ብቻውን ነበር፤ እነ ሸገርን የመሳሰሉ የግል ጣቢያዎች የመጡት ደግሞ በ2000 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የተወለደ ልጅ ዛሬ ጋቢና ተቀምጦ ጣቢያ ያስቀይራል።

ከዚያ በፊት መካከለኛና አጭር ሞገድ ነበር። ከአገር ቤቱ የኢትዮጵያ ሬዲዮ ሌላ፣ የጀርመን ድምጽ የአማርኛ ክፍል ከ1957 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ ድምጽ ደግሞ ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ ከባሕር ማዶ ይመጡ ነበር። በደርግ ዘመን ሰው የውጭ ጣቢያ የሚከፍተው በሩን ዘግቶ፣ ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣ ጆሮውን ከሳጥኑ ላይ ለጥፎ ነው። ሞገዱ እየሄደ እየመጣ፣ ፉጨቱ እያስቸገረው፣ አንዲት ቃል አታመልጠውም። በማግሥቱ ዜናውን ከነነጥቡ ይተርከዋል፤ የት እንደሰማው ብቻ አይናገርም። መርጦ መስማት ዋጋ ያስከፍል ስለነበር የመረጠ ሰው ይሰማ ነበር። ዛሬ መምረጡ በነጻ ሆነና መስማቱ ቀረ። ያን ጊዜ ሰው ሬዲዮ ይሰማ ነበር፤ አሁን ሬዲዮ ይቀይራል።

"የትኛውን ጣቢያ ትሰማለህ?" ብላችሁ ጠይቁት። ኮራ ብሎ "እኔ ሸገርን ነው፤ የመዓዛ ብሩን የጨዋታ እንግዳ አያመልጠኝም" ይላችኋል። ይህ መልስ ሚስት ሊጠይቅ ሽማግሌ ይዞ የሄደን ሰው ሳይቀር የሚያስከብር ነው። "ባለፈው ማንን አቀረበች?" ስትሉት ግን ጣራ ጣራ ያይና፣ "አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ… በጣም ብዙ ነገር ያሳለፉ" ብሎ ያልፋል። ያመልጠው አያመልጠው ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። ታክሲው ውስጥ ሲያዝ የሚገኘው ኳስ ላይ ነው።

ኳስ ካነሳን አይቀር፣ የስፖርት ሰዓት ሲደርስ የምርጫችን ነገር ፍጹም ግልጽ ይሆናል። ሾፌሩ አንዱ ጣቢያ ላይ የአርሴናሉ ተጫዋች ጉልበቱን መታመሙን ይሰማል። አላመነውምና ይቀይራል። ሁለተኛውም ጣቢያ ላይ ያው ጉልበት ነው። ሦስተኛው ላይ ጋዜጠኛው ድምጹን ከፍ አድርጎ ስለ ጉልበቱ የተለየ መረጃ እንዳለው ይናገራል፤ መረጃው ጉልበቱ የግራ መሆኑ ነው። አራተኛው ላይ አድማጭ ደውሎ ስለ ጉልበቱ አስተያየት ይሰጣል። አምስት ጣቢያ አዳርሶ ሲመለስ ሾፌሩ ፊት ላይ የሚነበበው እርካታ የገበያውን ሽንኩርት ሁሉ ጠይቆ ከመጀመሪያው ነጋዴ የገዛን ሰው እርካታ ነው፦ አልተታለልኩም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ተሳፋሪ ነው። ወደ ባለመኪናው ስንመጣ ነገሩ ይረቃል፤ ምክንያቱም ባለመኪና ራሱን መራጭ አድርጎ ያያል። ዕቁብና ብድር አጠራቅሞ የጃፓን ቪትዝ የገዛ ሰው እንውሰድ። ሰሌዳው ከተለጠፈ በኋላ ከሚያደርጋቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ቴፑን ከፍቶ ጣቢያ መፈለግ ነው። "ሽሽሽሽ" ይለዋል። ወደ ላይ ያወጣዋል፤ 88፣ 89፣ 90… ከዚያ ወዲያ የለም። ቁጥሩ ተመልሶ 76 ላይ ቁጭ ይላል።

ጥፋቱ የመኪናው አይደለም። ጃፓኖች ለኤፍ ኤም የሰጡት ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ያለውን ቦታ ነበር። ከ90 እስከ 108 ያለው የቴሌቪዥን ሠፈር ነበር፤ ከአንድ እስከ ሦስት ያሉት ቻናሎች እዚያ ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የድሮውን ቴሌቪዥን ሲዘጉ ቦታው ተለቀቀና ሬዲዮው በኋላ እስከ 95 ድረስ ገባበት። ከዚያ በፊት ለአገራቸው ገበያ የሠሩት መኪና ግን እስከ 90 ብቻ ነው የሚያውቀው። ይኸው መኪና ዱባይ ላይ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ ወደ እኛ ይመጣል። መሪው ዞሯል፤ ጆሮው አልዞረም። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ቶኪዮን ነው። ከላይ ከጠራኋቸው ጣቢያዎች አንዱም አይገባለትም፤ አዋሽ እንኳ በነጥብ ሰባት ከአጥሩ ውጪ ቀርቷል።

መድኃኒቱ ኮንቨርተር ይባላል። በአንቴናውና በቴፑ መካከል የምትገባ ትንሽ ሳጥን ናት፤ ከላይ የሚመጣውን ሞገድ ወደ ታች አውርዳ ለጃፓኑ ጆሮ ታቀርብለታለች። ባለቪትዙ የመኪና ዲኮር ቤት ሄዶ ዋጋ ሲከራከር ይቆያል። ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ልጁ፣ "የ15 ይሁንልህ የ20?" ይለዋል።

"ልዩነቱ ምንድን ነው?"

"የ20ው ይሻላል።"

"ለምን?"

"ሃያ ነዋ።"

በዚህ ማስረጃ የ20ውን ያስገጥማል። ሒሳቡን እኔ ልሥራላችሁ። የ20ው ኮንቨርተር ከእያንዳንዱ ጣቢያ ላይ 20 ይቀንሳል። ቴፑ የሚያየው ከ76 እስከ 90 ስለሆነ፣ በእሱ በኩል የሚገቡት ከ96 በላይ ያሉት ብቻ ናቸው። 96.3 በ76.3 ላይ ጠርዙን ይዞ ይተርፋል፤ ፋና 78.1 ላይ፣ ሸገር 82.1 ላይ፣ ኢትዮ ኤፍ ኤም 87.8 ላይ ይገኛሉ። አዋሽና አሐዱ ውጪ ያድራሉ። የ15ቱን ያስገጠመ ሰው ደግሞ ከ91 እስከ 105 ያለውን ነው የሚያገኘው፤ አሐዱ ይመለስለታል፣ አፍሮና ኢትዮ ኤፍ ኤም ግን ይሰናበቱታል። አዋሽ አሁንም ውጪ ነው። ከአዋሽ እስከ ኢትዮ ኤፍ ኤም ያለው ርቀት 17.1 ሜጋኸርዝ ነው፤ የቴፑ መስኮት ስፋት 14 ነው። የፈለገውን ሳጥን ቢገዛ ሁለቱን ጫፎች አንድ ላይ የሚያሳይ መስኮት የለም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን አስተውሉ። የ20ውን ያስገጠመው ሰውዬ ስለ አሐዱ ሲነሳ፣ "እኔ እሱን አልሰማም፤ ብዙም አይመቸኝ" ይላል። የ15ቱን ያስገጠመው ደግሞ፣ "107.8ን ድሮም አልከፍተውም" ይላል። ሳጥኗ የወሰነችውን እሱ አቋም አድርጎ ይተነትነዋል። ካፌ ቁጭ ብሎ ስለ ሚዲያ ነጻነትና ስለ አድማጭ ጣዕም ሰፊ ማብራሪያ ይሰጣል፤ ማብራሪያው ሁሉ መነሻው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዲኮር ቤት የተነገረች "ሃያ ነዋ" የምትል ቃል ናት።

ጠቡም አለ። ሁለት ጓደኛሞች ስለ አንድ ቁጥር ተከራክረው ሊኮራረፉ ይችላሉ። አንዱ "82.1 ሸገር ነው" ይላል፤ ሌላው "82.1 ኤፍ ኤም አዲስ ነው፤ በየቀኑ የምሰማውን ልትነግረኝ ነው?" ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ከ102.1 ላይ 20 ብትቀንሱ 82.1 ነው፤ ከ97.1 ላይ 15 ብትቀንሱም 82.1 ነው። በሃገራችን ብዙ ጠብ እንዲህ ይመስለኛል፤ ሁለቱ ወገኖች አንድ ቁጥር እያነበቡ ነው፣ ሳጥናቸው ነው የተለያየው።

ባለመኪናው ይህን ሁሉ አልፎ ሜክሲኮ ሲደርስ ደግሞ ፎቆቹ ይጠብቁታል። ሞገዱ ፉሪ ተራራ ላይ ከተተከሉ ማሰራጫዎች ተነስቶ ሲመጣ በሰንጋ ተራ በኩል የተደረደሩት የባንክ ሕንፃዎች ይቀባበሉታል፤ ከላይ የባቡሩ ድልድይ አለ። "ሚኒስትሩ ዛሬ በሰጡት መግለጫ…" ብሎ የጀመረው ጋዜጠኛ "ሽሽሽ" ብሎ ይጠፋና፣ "…ወደ ውጪ አውጥቷታል!" በሚል የሌላ ጣቢያ ድምጽ ይጨርሳል። አንዳንድ ቀን የተቀላቀለው ዜና ከትክክለኛው የበለጠ ስሜት ይሰጣል።

እንዲህ የተንገላታ ሰው ቀና ብሎ ሰማይ ማየቱ አይቀርም። ተራራና ፎቅ የማያግደው፣ ኮንቨርተር የማይፈልግ፣ በቀጥታ ከላይ የሚወርድ ሬዲዮ ቢኖርስ? ነበረ እኮ። ያውም ያሰበው የእኛው ሰው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከኢትዮጵያዊት እናትና ከሱዳናዊ አባት የተወለደው ኖህ ሳማራ እ.ኤ.አ. በ1990 ወርልድስፔስ የተባለ ኩባንያ አቋቋመ። በጥቅምት 1998 ደግሞ አፍሪስታር የተባለችውን ሳተላይት ወደ ጠፈር ላካት። ሳተላይቷ አፍሪካን ከላይ ሆና እያየች ጥርት ያለ ድምጽ ታወርድ ነበር። ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ መንገድና መብራት ያልደረሰበት ሁሉ ሬዲዮ ይድረስ የሚል።

አንድ ችግር ነበረበት። የመቀበያው አንቴና ሳተላይቷን በቀጥታ ማየት አለበት። መስኮት ላይ አስቀምጠው፣ ወደ ምዕራብ ሰማይ አቅንተው፣ እንዳይነካ ልጆቹን ገሥጸው ቢሰሙት ደስ ይላል። መኪና ላይ ግን አስቡት፤ ሜክሲኮ አደባባይን እየዞረ ባለ ታክሲ ላይ አንቴናውን ወደ ምዕራብ እያዞረ የሚይዘው ማን ነው? ረዳቱ መሆኑ ነው፤ በአንድ እጁ ሂሳብ እየተቀበለ፣ በሌላው ጠፈርን እየጠቆመ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2008 ለኪሳራ አቤት አለ፤ በ2009 መጨረሻ ድምጹ ጠፋ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለውን ተረት አባቶቻችን የተረቱት ሳተላይት ከመፈልሰፉ በፊት መሆኑ ይገርማል።

"አሜሪካ ግን ተሳክቶላቸዋል" ይላል ዘመድ ያለው ሁሉ። እውነት ነው፣ ተሳክቶላቸዋል፤ የምርጫውን ነገር ግን ስሙት። እ.ኤ.አ. በ1997 ሁለት ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍለው የሰማዩን ሬዲዮ ፈቃድ በጨረታ ወሰዱ። አንዱ ኤክስ ኤም ነው፤ የሳማራው ወርልድስፔስ በውስጡ ድርሻ ነበረው። ሌላው ሲሪየስ ነው። ኤክስ ኤም በ2001፣ ሲሪየስ በ2002 ሥራ ጀመሩ። የአንዱ መቀበያ የሌላውን አይሰማም። እናም አገሬው "የቱ ይሻላል?" እያለ ይጨነቅ ጀመር። አንዱ ቤዝቦል አለኝ ሲል፣ ሌላው የአሜሪካን ፉትቦል አለኝ አለ፤ እዚያም ነገሩ የሚያልቀው ኳስ ላይ መሆኑን ልብ በሉ። ሲሪየስ ሃዋርድ ስተርን የተባለውን ተናጋሪ ለአምስት ዓመት በ500 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። አምስት መቶ ሚሊዮን ዶላር ለወሬ! እኛ ታክሲ ውስጥ በነጻ የምናገኘውን።

የመጨረሻው ውሳኔ ግን የአድማጩ አልነበረም። ጄኔራል ሞተርስ ከኤክስ ኤም ጋር ተዋውሏል፤ ፎርድና ክራይስለር ከሲሪየስ ጋር። መኪናህ ሸቭሮሌ ከሆነ ከፋብሪካው የሚመጣልህ ኤክስ ኤም ነው፤ ፎርድ ከሆነ ሲሪየስ ነው። ሰውዬው አወዳድሬ መረጥኩ ይላል፤ የመረጠለት የመኪናው ፋብሪካ ነው። "ሃያ ነዋ" እዚያም አለች፤ እንግሊዝኛ ተናግራ ነው እንጂ። በ2008 ሁለቱ ኩባንያዎች ተዋሐዱና አንድ ሆኑ፤ የተከራከረው ሕዝብ ሁሉ ክርክሩን እንደታቀፈ ቀረ።

የኤክስ ኤም ዋና መሥሪያ ቤት ዋሽንግተን ነበር፤ ወርልድስፔስ ደግሞ እዚያው አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ። ሁለቱም ሀበሻ እንደ ጉድ የሚኖርባቸው፣ ታክሲ የሚነዳባቸው ከተሞች ናቸው። ያኔ ሀበሻው ባለታክሲ በወር አሥራ ሦስት ዶላር ገደማ እየከፈለ ከመቶ በላይ ቻናል ያገኝ ነበር። የሠላሳ ዓመት የሮክ ሙዚቃ፣ የአየር ጠባይ፣ የቀልድ ቻናል፣ የትራፊክ ወሬ፤ የሌለው አማርኛ ብቻ ነበር። ስለዚህ የሰማዩን ሬዲዮ ለተሳፋሪው ከፍቶ፣ እሱ ወደ አንድ ስልክ ቁጥር ደውሎ የአማርኛ ሬዲዮ ይሰማ ነበር። አልሸሹም ዞር አሉ። ከሰማይ መቶ ቻናል ወርዶለት በስልክ ሽቦ የአዲስ አበባን ወሬ የሚጠባበቅ ሰው፣ ሜክሲኮ ላይ ሆኖ ቶኪዮን ከሚጠብቀው ቪትዝ ጋር ወንድማማች ናቸው።

አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና መጣ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የቻይናዎቹ መኪኖች ከተማውን ሞልተውታል። እነዚህ የቪትዝ ችግር የለባቸውም። የቻይና ኤፍ ኤም እስከ 108 ስለሚደርስ ሁሉም ጣቢያዎች ከአዋሽ እስከ ኢትዮ ኤፍ ኤም ይገባሉ። ድምጽ ማጉያው ድንቅ ነው፤ ስክሪኑ የሳሎን ቴሌቪዥን ያህላል። የቀረው ነገር ስክሪኑ በቻይንኛ መጻፉ ብቻ ነው።

ባለቤቱ ሬዲዮ ለመክፈት አንዱን ሥዕል ይነካል፤ የኋላው ኮፈን ይከፈታል። ሌላውን ይነካል፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ያስተኛዋል። ሦስተኛውን ሲነካ አንዲት ሴት በቻይንኛ በትሕትና አንድ ነገር ትጠይቀዋለች። "አይ፣ ምንም አይደል" ይላታል በአማርኛ። እሷም ቀዝቃዛ አየር ትለቅበታለች። አስተርጓሚ ተፈልጎ፣ ቋንቋው ተቀይሮ፣ በመጨረሻ ጣቢያዎቹ ሁሉ በረድፍ ተሰልፈው ሲታዩት፣ እነሆ በአዲስ አበባ ታሪክ ሙሉ ምርጫ ያለው ሰው ተገኘ። አንዱም አይጎድልበትም። ኢንተርኔቱን ካገናኘ የዓለም ጣቢያ ሁሉ የእሱ ነው።

ምን የሚሰማ ይመስላችኋል? ፍላሽ። የዛሬ ስንት ዓመት ወንድሙ የሞላለትን፣ ሰባተኛው ዘፈን መሀል ላይ የሚቆረጥበትን ፍላሽ። ይህም የሚሆነው ስልክ ካልተደወለ ነው። ስልኩ ከመኪናው ጋር ስለተገናኘ በተደወለ ቁጥር ሙዚቃው በራሱ ዝም ይላል፤ እሱም ሜክሲኮ ላይ መንገድ ተዘግቶበት፣ ሞተሩ እንኳ ድምጽ በሌለው መኪና ውስጥ፣ በአሥር ድምጽ ማጉያ፣ "ደርሻለሁ፣ በር ላይ ነኝ!" ብሎ ይዋሻል።

የአደባባዩ ስም ራሱ የምርጫ ታሪክ ነው። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን አገራችንን ይዣለሁ ስትል፣ ብዙ መንግሥታት ወደ አሸናፊው ሲያጋድሉ፣ ሜክሲኮ አልቀበልም ካሉት ጥቂቶች አንዷ ሆነች። ለውለታዋ ነው አደባባይ የተሰየመላት። አንዴ መረጠች፣ በመረጠችው ጸናች። በስሟ በተሰየመው አደባባይ ላይ ግን ትራፊክ ፖሊሱ መኪናውን አስቁሞ እስኪለቀው ድረስ አምስት ጣቢያ ይቀየራል።

ባለሙያ የተባለ ኮንቨርተር ገጣሚ ያጋጠመው ባለቪትዝም አለ። ይኸኛው ገጣሚ "ሃያ ነዋ" አላለውም። ሥራውን የሚያውቅ ስለሆነ አስቀድሞ፣ "ብዙ ጊዜ የምትሰማው የትኛውን ነው? በእሱ ልክ ልግጠምልህ" አለው።

"ሁሉንም" አለ ባለመኪናው።

"ሁሉም አይገባም፤ ወይ ከታች ወይ ከላይ ይጎድላል። አንዱን ንገረኝ።"

ባለመኪናው ዝም አለ። ዋጋ ሲከራከር እንዲህ አልተቸገረም ነበር። ጭንቅላቱን አከከ፤ መስታወቱን አየ፤ በመጨረሻ ስልኩን አውጥቶ ለባለቤቱ ደወለ።

"እኔ ምልሽ፣ እኛ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ጣቢያ የትኛው ነው?"

"የት ጋ? ቤት?"

"አይ፣ መኪና ውስጥ።"

"እንዴ! መኪናው ሬዲዮ አለው?"